በፊርማ የወጣ ሄልሜት

የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በተለያዩ የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ዘንድ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ሚስማርና ቀለም ስረከብና ሳስረክብ ዓመታት አልፈዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የተባለው የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 የተባለው የወጪ ደረሰኝ ይፈረማል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የአቧራ ጭንብል፣ የብየዳ መስታወት የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ሠራተኛው ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ዕቃውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መጥቶ «ለሠራተኞቻችሁ የአደጋ መከላከያ ሰጥታችኋል?» ሲል የሚቀርብለት ይህ የፊርማ ጥራዝ ነው። ጥራዙ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።

እኔ ግን ከጥራዙ ይልቅ የማምነው የሚመለሰውን ዕቃ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ፕሮጀክት ሲያልቅ ዕቃው ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እንዴት እንደከረመ ፊት ለፊት ይታያል። የውስጥ ማሰሪያው ተነቅሎ ቅርፊቱ ብቻ የቀረ ሄልሜት ይመጣል። የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ በቢላዋ የተቆረጠ ጓንት ይመጣል። ከላስቲኩ ሳይወጣ የከረመ የጆሮ መድፈኛ ይመጣል። መንጠቆው አንድ ጭረት እንኳ የሌለበት ሴፍቲ ቤልት ይመጣል፤ ይህ ማለት ወገብ ላይ ታስሮ ሲዞር ከርሟል እንጂ የትም ላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም ማለት ነው። ይህን ሁሉ «የሠራተኛ ቸልተኝነት» ብሎ ማለፍ በየግቢው የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚመለሰውን ዕቃ እያገላበጥኩ፣ ያመጣውንም ሰው እየጠየቅሁ የደረስኩበት ነገር ሌላ ነው፦ አብዛኛው ሠራተኛ መከላከያውን የሚያስቀምጠው ሥራውን ሲከለክለው፣ ልኩ ሳይሆን ሲቀር፣ ወይም እንዴት እንደሚሠራ የነገረው ሰው ሲታጣ ነው።

ጓንቱን ቆርጠው የመለሱት አንድ አንጋፋ ፌራዮ፣ ማለትም ፌሮ አሳሪ፣ ነበሩ። «ጋሼ፣ ደህናውን ጓንት ለምን ቆረጡት?» አልኳቸው። አልተቆጡም። ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ አዲሱን ጓንት አንስተው ሰጡኝና ከኪሳቸው የማሰሪያ ሽቦና ጉጠት አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ አንቺው አጥልቀሽ እሰሪው» አሉኝ። ወፍራም የቆዳ ጓንት ነው፤ ለበያጅ የተሠራ። ሽቦው በጣቶቼ መካከል ይኑር አይኑር እንኳ አይለይም። ጠምዝዤ ሳልጨርስ ሽቦው ወደቀ። «ፌሮ የሚታሰረው በጣት ጫፍ ነው። ለእኔ የሚከፈለኝ ደግሞ በኪሎ ነው። ጓንቱ ባዘገየኝ ቁጥር የሚጎድለው ከልጆቼ እንጀራ ነው» አሉ።

እኒህ ሰው መከላከያ የጣሉ ሰው አይደሉም። መዳፋቸውን ከዝገትና ከፌሮው ጥርስ የሚጠብቀውን ክፍል አስቀርተው፣ ሥራቸውን የሚያግደውን ብቻ ቆርጠው ጥለዋል። ችግሩ የዛገ ሽቦ የሚወጋው ያንኑ የተቆረጠውን ጫፍ መሆኑ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታም በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። ለፌሮ ሥራ የሚስማማ ጓንት የለም እንዳይባል አለ፤ ከጨርቅ ተሠርቶ መዳፉና ጣቶቹ በስስ ጎማ የተለበጠ፣ ሽቦውን በጣት እንዲሰማ የሚያደርግ። ዋጋው ከቆዳው ጓንት ያንሳል። ታዲያ ለምን አልተገዛም? ግዥ ክፍል የደረሰው ወረቀት «ጓንት» ብቻ ስለሚል ነው። የማን ጓንት፣ ለየትኛው ሥራ፣ የሚል ጥያቄ በመንገዱ ላይ ያነሳ አልነበረም። ስሱ ጓንት ከተገዛ በኋላ እኒያው ፌራዮ ጫፉ ሲበሳባቸው ሳልጠራቸው መጥተው ሌላ ጠይቀውኛል።

ሄልሜቱም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቃል። ከሐይቁ የሚነሳው ወበቅ ይጨመርበትና ከጠንካራ ፕላስቲክ በታች ያለ ጭንቅላት በላብ ይታጠባል። የግንባር ማሰሪያው ላብ ጠጥቶ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ቆዳ ይልጣል። ሠራተኛው ማሰሪያውን ነቅሎ ቅርፊቱን በባርኔጣው ላይ ይደፋዋል። ለካቦው፣ ለሠራተኞቹ አለቃ፣ ከሩቅ ሲታይ ሄልሜት አድርጓል። ነገር ግን ጭንቅላትን የሚያድነው ቅርፊቱ ብቻውን አይደለም። ከላይ የወደቀ ብሎኬት ሲመታው ጉልበቱን የሚከፋፍለውና የሚያበርደው በውስጥ የተዘረጋው የማሰሪያ መረብ ነው። በመረቡና በቅርፊቱ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት የተተወው ለዚሁ ነው። ማሰሪያው ከወጣ ምቱ በቀጥታ ወደ አናት ይወርዳል። ክፍተቱ ውስጥ ስልክ፣ ሲጋራ ወይም የታጠፈ ገንዘብ መክተትም እንዲሁ ነው። ይህን ለአንድ ወጣት አናጺ ቅርፊቱን ገልብጬ ሳሳየው «እኔ እኮ ክፍተቱ ለኪስ የተሠራ መስሎኝ ነበር» አለኝ። የነገረው ሰው ከሌለ ከየት ያውቀዋል?

ሄልሜት ዕድሜ እንዳለውም ብዙ ሰው አያውቅም። ከጥላው ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ የተመረተበት ወርና ዓመት በክብ ምልክት ታትሟል። ፀሐይ ፕላስቲኩን ታደርቀዋለች፤ ቀለሙ የነጣና ሲጫኑት የሚንቋቋ ሄልሜት መጣል አለበት። ቀለም መቀባትና በቤንዚን መጥረግም ያደክመዋል። አንዴ ከባድ ምት የቀመሰም ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ ሥራውን ጨርሷል። የግንባር ማሰሪያው ግን ተነቅሎ የሚታጠብ፣ ሲያረጅም ለብቻው የሚቀየር ነው። ለሙቀቱ መፍትሔው ይህ ነበር፤ መለዋወጫ የላብ ጨርቅ ገዝቶ በየጊዜው ማደል።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ የቦት ጫማው ጉዳይ ነው። ሶሌታ፣ የፎቁ የአርማታ ወለል፣ በሚሞላበት ቀን የግቢው ሥራ በሙሉ ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል። ሚክሰሩ ያጓራል፣ አርማታው በባሬላ ይመላለሳል፣ ቀን ሠራተኞች ከጠዋት ጀምሮ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ነው። ባሬላ ተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከየገጠሩ መጥተው በሰባታሚትና በዘንዘልማ በኩል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች። የተሰጣቸው የላስቲክ ቦት 42 ቁጥር ነበር፤ በጅምላ የተገዛው ያ ብቻ ስለሆነ። ከእነርሱ አንዷ እግሯ 37 ነው። ጨርቅ ጠቅጥቃበት፣ ሱሪዋን ወደ ውስጥ ከታ ስትሠራ ዋለች። በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ አንድ እግሯን እያነከሰች መጣች። «እትዬ፣ ይህ ቦት ፈቀፈቀኝ፤ ሌላ ካለ ቀይሪልኝ» አለችኝ።

ቦቱ አልነበረም የፈቀፈቃት። ሱሪዋን ስትገልጠው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳው ጠቁሮ፣ መሃሉ ተነስቶ ሥጋው ይታያል። ሲሚንቶ አቃጥሏት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ የአልካሊነቱ መጠን በፒኤች መለኪያ 12 እና 13 ይደርሳል፤ የሰው ቆዳ ደግሞ አምስት ተኩል ገደማ ነው። ቆዳ ላይ ሲቆይ ሥጋ ይበላል። የሚከፋው ሲነካ እንደ እሳት አለማቃጠሉ ነው፤ ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ወዲያ ነው። አርማታው በሰፊው የቦት አፍ ገብቷል። የጠቀጠቀችው ጨርቅ ውኃውን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ከእግሯ ጋር አጣብቆ ያዘው። ወደ ውስጥ የተከተተው ሱሪ ደግሞ እንደ ቦይ ሆኖ የሚፈሰውን እየመራ አስገባው። እግሯ ባዶውን ቢሆን ኖሮ የነካውን ወዲያው ታጥበው ነበር። በትክክል ያልተደረገ መከላከያ ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይልቅ ጎዳት። ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ከሥራ ቀረች፤ የቀን ሠራተኛ በመሆኗም ለቀረችበት የሚከፈላት አልነበረም።

ማድረግ የነበረብን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ልኳ የሆነ ቦት። ሱሪ ከቦቱ ውጭ፣ በላዩ እንዲወርድ ማድረግ፤ አፉንም ማሰር። አርማታ በሚሞላበት ቦታ ንጹሕ ውኃ የሞላ በርሜል ማቆም፤ አርማታ ቦት ውስጥ ከገባ ሥራውን እዚያው አቁሞ ቦቱን አውልቆ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ መታጠብ፤ ካልሲውንም መቀየር። ካቦው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ቦቱን ማደሉ ከንቱ ነው። ይህን የምጽፈው እየተናደድኩ ነው፤ ከአባይ ድልድይ ማዶም ሆነ ከዚህ ወዲህ ባሉ ግቢዎች ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ዛሬም ጨርቅ በጠቀጠቁበት ቦት የሚቆሙ ሴቶች አሉ።

የሴቶች ነገር ከተነሳ ሄልሜቱም ከሻሻቸው በላይ አይረጋም። ባሬላውን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ላይ ይወርዳል ወይም አርማታው ውስጥ ይወድቃል። ከኋላው የምትሽከረከር ማጥበቂያ አለችው፤ የአገጭ ማሰሪያም ይገጠምለታል። ሻሹን ጠፍጣፋ አድርጎ አስሮ፣ ማጥበቂያውን አዙሮ፣ አገጭ ላይ ማሰር የሁለት ደቂቃ ትምህርት ነው። ለዚያ ሁለት ደቂቃ የሚከፈል የለም።

ስለ በያጆች አጠር ላድርግ፤ ምክንያቱም ከሌሎቹ ይልቅ እነርሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ጨረሩ ያቃጠለው ዓይን ሌሊት ላይ አሸዋ የተበተነበት ያህል እንደሚቆረቁር፣ እንደሚያነባና ብርሃን እንደማያይ ቀምሰውታል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ ሥራ እንደማይሆንም ነግሬያቸው ተግባብተናል፤ ለኤሌክትሮድ ብየዳ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ከ10 እስከ 13 የሆነ ጥቁር መስታወት ነው። የሚረሳው ረዳቱ ነው። ብረቱን ይዞ የሚቆመው ልጅ ጭንብል አይወጣለትም፤ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ብርሃኑ ግን ከግድግዳው ተንጸባርቆ ይመጣበታል። ማታ ድንች ቆርጦ ዓይኑ ላይ አስሮ የሚያድረው እርሱ ነው። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «በያጅ 1» ከተባለ ከእኔ የሚወጣው ጭንብል ሁለት መሆን አለበት፤ አሁን የማስፈርመውም እንደዚያ ነው።

ከፍታ ላይ ስለሚሠሩ ለሳኞች ስናወራ ሁሉም ሰው «ሴፍቲ ቤልት ልበሱ» ይላል። ለብሰዋል። ጥያቄው መንጠቆው የት ይሰቀላል የሚለው ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ የውጭ ልስን የሚለስን ሰው ዙሪያውን ቢያይ ያለው አጠና ነው፤ በሚስማርና በገመድ የተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ። የሚወድቅ ሰው የሚታሰርበት ነጥብ 2 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሸከም መሆን እንዳለበት የሙያው መመሪያዎች ይናገራሉ። በሚስማር የተመታ አጠና የአንድ ሰው ውድቀት አይመክትም፤ ይልቁንም መወጣጫውን ከእነ ባልደረቦቹ ጎትቶ ያወርደዋል። ስለዚህ መንጠቆውን ወገቡ ላይ ጥሎ የሚሠራው ለሳኝ ሞኝ አይደለም። ከሥራው በፊት ከላይኛው ፎቅ ኮለን (ምሰሶ) ላይ ጠንካራ ገመድ ወደ ታች ተዘርግቶ ሊጠብቀው ይገባ ነበር፤ ያ የእርሱ ሥራ አይደለም፣ የመሐንዲሱ ነው።

ቤልቱ ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው። ከከፍታ የወደቀን ሰው በወገብ ይዞ ማስቆም የሆድ ዕቃውንና አከርካሪውን ይጎዳል፤ በአሜሪካ ወገብ ብቻ የሚይዘውን ቀበቶ ለመውደቅ መከላከያነት መጠቀም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ተከልክሏል። የሚያስፈልገው ትከሻንና ጭንን ይዞ ጀርባ ላይ የሚታሰረው ነው። እርሱም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነው ገመድ ተዘርግቶ፣ ምት ማብረጃው ተተርትሮ፣ የሰውየው ቁመት ተጨምሮ ከታሰረበት ነጥብ በታች አምስት ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ከሌለ ሰውየው መሬት ይደርሳል። አንደኛ ፎቅ ላይ በዚህ ገመድ ታስሮ «ተጠብቄያለሁ» ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው፤ እዚያ የሚያድነው የመወጣጫው መከለያ አግዳሚ ነው።

አጎቴ ከከተማው ውጭ በአንድ የድንጋይ ወፍጮ፣ ክሬሸር በምንለው ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ዛሬ ቤት ስንሰበሰብ ከሩቅ ሲጠሯቸው አይሰሙም፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሯቸው ከንፈር እያዩ ነው የሚመልሱት። የጆሮ መድፈኛ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ያደርጉትም ነበር። የሚያወልቁት ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ለመስማት፣ ካቦው ሲጠራቸው ለመመለስ ነበር። «አብዛኛውን ቀን አድርጌ እውላለሁ» ይሉኝ ነበር። እዚህ ላይ ስሌቱ ጨካኝ ነው። ድምፅ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መድፈኛ ያደረገ ሰው ከ8 ሰዓት ሥራ ግማሽ ሰዓቱን ብቻ ቢያወልቀው፣ የቀኑ ጥበቃው ከ30 ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። በግማሽ ሰዓት የገባው ድምፅ የቀረውን ሰባት ሰዓት ተኩል ጥበቃ ይበላዋል። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ቢነገራቸውስ ገልባጩን በምን ሊሰሙት ነው? መፍትሔው የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራ መብራትና በእጅ ምልክት የሚመራ ሰው መመደብ ነበር።

መድፈኛውም አገባብ አለው። ለስላሳውን ስፖንጅ በጣት አጥብቆ ማጠንጠን፣ በሌላኛው እጅ ጆሮን ከላይ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ አስገብቶ ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ በጣት መያዝ። አብዛኛው ሰው ጫፉን ብቻ ሻጥ አድርጎ ይተወዋል፤ ያ ከጌጥነት አያልፍም። የአቧራ ጭንብልም እንደዚሁ ነው። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የሕክምና ጭንብል ለድንጋይ አቧራ አይሆንም፤ በጎንና በጎን ክፍት ነው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው የሲሊካ ብናኝ ደግሞ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው። ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ሁለት ላስቲክ አለው፤ አንዱ ከጆሮ በላይ፣ ሌላው ከጆሮ በታች በአንገት በኩል ይታሰራል፣ የአፍንጫው ሽቦ በሁለት እጅ ተጭኖ ይጣበቃል። ጢም ባለበት ፊት ላይ አይገጥምም። የታችኛውን ላስቲክ በጥሰው የሚጥሉ ብዙ ናቸው፤ አንገት ያሳክካል ይላሉ። በእርግጥም ያሳክካል። ስለዚህ ድንጋይና ሴራሚክ ሲቆረጥ በመቁረጫው ላይ ውኃ እንዲንጠባጠብ ማድረግ ከመቶ ጭንብል ይሻላል፤ አቧራው ሳይነሳ ይቀራል። የሙያ ደህንነት ትምህርት በቅደም ተከተሉ የሚያስቀድመውም ይህን ነው፦ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልተቻለ በሌላ መተካት፣ ካልሆነ በማሽንና በአሠራር መለየት፤ ሰው ላይ የሚለበስ ነገር የሚመጣው ከሁሉም መጨረሻ ነው። በእኛ ግቢዎች የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ እርሱም በፊርማ ያልቃል።

ሁልጊዜ መልበስም ትክክል አይደለም። የሚሽከረከር መሰርሰሪያ አጠገብ ጓንት ተይዞ ይጠመጠማል፤ ጣትን ከእነ ጅማቱ ይጎትታል። የተፈታ ሻሽ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ረጅም እጅጌም እንዲሁ። አንድ ካቦ አንድን ልጅ «ማተብህን በጥስና ሥራ» ሲለው ሰምቼ ደንግጫለሁ። የአገሬ ሰው ማተቡን ከሚበጥስ ሥራውን ይተዋል። ማተቡን ከሸሚዙ ሥር አስገብቶ ቁልፉን እስከ አንገት መቆለፍ ይበቃል። ሠራተኛን የሚያስከብር ትእዛዝ ሠራተኛ ይፈጽመዋል።

አሁን ወደ ጥራዙ ልመለስና ስለ ሕጉ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሁለቱም ግዴታዎች ናቸው፤ ማቅረብና ማስተማር። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ጉድለት ሲያይም ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ይኸው አዋጅ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ አሠሪው ከዚያ ኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ የፊርማው ጥራዝ ምን እንደሚሆን አስቡት። 42 ቁጥር ቦት ተሰጥቷት፣ አጠቃቀሙ ሳይነገራት የፈረመች ሴት ስትጎዳ፣ ያ ፊርማ «ሰጥተናታል፣ በአግባቡ አልተጠቀመችም» ለማለት ይወጣል። እኔ የምይዘው ጥራዝ በእርሷ ላይ ማስረጃ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ ቁጥሩን፣ ዓይነቱንና ማን እንዳስረዳት የሚገልጽ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ ያልተነገራት ከሆነ ባዶ ይቀራል፣ ባዶነቱም ይታያል።

ለጠፋ ሄልሜት ከደመወዝ የሚቆርጡም አጋጥመውኛል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የደህንነት እርምጃዎች በሠራተኛው ላይ ምንም ወጪ ማስከተል የለባቸውም ይላል። ለጠፋ ሄልሜት ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሠራተኛ እንዳይጠፋበት ሲል ሄልሜቱን ቤቱ ደብቆት ባዶ ራሱን ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የሕንፃ ሠራተኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በነበረው የአንድ ወር ዘመቻ፣ ስንት ገበሬ በባዶ እግሩ እስከ ወገቡ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲጎትት ዋለ! ሐይቁ ዳር የብልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በእርጥብ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃ ውስጥ በቆዩ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ሱሪ ግን ወገብ ላይ በቀበቶ ሳይታሰር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ከተገባበት ይሞላል፤ የሞላበት ሰው ደግሞ መውጣት ይከብደዋል። ዕቃውን ሰጥቶ ቀበቶውን አለማስረዳት ሰውን ለመስጠም ማዘጋጀት ነው።

ጀልባዎቹም ላይ እንዲሁ ነው። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች የመንሳፈፊያ ጃኬት ይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን መቀመጫ ሥር ታጭቆ ወይም መቀመጫ ሆኖ ነው የማየው። ሰው ሲቀመጥበት የከረመ ስፖንጅ ይጨፈለቃል፣ የመንሳፈፍ አቅሙም ይቀንሳል። ቁልፉ ሳይቆለፍ የተደረበ ጃኬት ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ሸሽቶ ፊት ይሸፍናል። ተሳፋሪው ቢያደርግ እንኳ ጀልባውን የሚነዳውና ገመድ የሚወረውረው ልጅ አያደርግም፤ ዋና አውቃለሁ ይላል። ዋና የሚያውቅ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ አይዋኝም።

ለሚቀጥለው ፕሮጀክት የደህንነት ዕቃ ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ ስለተፈቀደልኝ ቦቱን ከ36 እስከ 44 ቁጥር፣ ጓንቱን በሥራ ዓይነት ለይቼ ጽፌዋለሁ። የላብ ጨርቅ፣ የአገጭ ማሰሪያ፣ የበያጅ ረዳት ጭንብል፣ የውኃ በርሜል ገብተዋል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ስለ አጠቃቀሙ ትምህርት እንዲሰጥ የሚል ተራም አለበት፤ ይህ ተቀባይነት አግኝቷል። ያልተግባባነው በቁርጥ በሚሠሩት ላይ ነው። ፌራዮዎቹ፣ ለሳኞቹና አናጺዎቹ በንዑስ ተቋራጭ በኩል ስለሚመጡ «የእኛ ሠራተኞች አይደሉም፤ ዕቃቸውን ይዘው ይምጡ» የሚል መልስ ነው የተሰጠኝ። ከፍታ ላይ የሚወጡት እነርሱ ናቸው። ያቀረብኩት ሐሳብ በንዑስ ውሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የመከላከያ ዋጋ ለብቻው እንዲቀመጥ፣ ዕቃው እስኪሟላም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእኛ መጋዘን እንዲወጣ፣ ከኮለን ላይ የሚዘረጋው ገመድ ግን በምንም መልኩ የዋናው ተቋራጭ ኃላፊነት እንዲሆን ነው። በመጪው ስብሰባ ላይ ስሱን ጓንትና ያንን ጭረት የሌለበትን መንጠቆ ይዤ እገባለሁ፤ ፌራዮውም አብረውኝ እንዲገቡ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል።